በጊዜው ያልተባለ ነገር

(ጆሃንስበርግ ውስጥ የእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙ ሰው "ጽፈህ ልቀቀው" ስላለኝ ከስልክ ቅጂው ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ። ጭብጨባውንና መብራት ጠፍቶ የተቋረጥንበትን ብቻ ትቻለሁ።)

የተከበራችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ እንደምን ዋላችሁ! እሁድ ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ከሩስተንበርግ ከዊትባንክ ድረስ ነድታችሁ መጥታችኋል፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ እንግዶቻችንም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሽማግሌዎቻችን ባለፈው ሳምንት ደውለው "ከሪፖርቱ በፊት ስለ አንድነት አንድ ነገር በልልን፣ ሰዉ ተከፋፍሏል" አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፣ ስለ አንድነት የምናገረው በራሴ መንገድ ነው፣ የዚህን አገር ገዢ ፓርቲ፣ የኤኤንሲን፣ ማለትም የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስን ታሪክ ይዤ ነው አልኳቸው። ለምን? እዚህ አገር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ይሄ ቤት ሲሞቅም ሲፈርስም ጎረቤት ሆኜ አይቻለሁ። እና እኛ አሁን እድራችን ውስጥ የምንጨቃጨቅበት ነገር፣ ማለትም "የቀድሞውን መሪ እንተች ወይስ ለአንድነት ስንል እንተወው" የሚለው፣ እነሱ ቤት ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያጨቃጭቅ የኖረ ነገር ነው። ዋጋውንም ከፍለውበታል። እኛም አብረን ከፍለናል፣ እሱን እነግራችኋለሁ።

ሶስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ ሰዎች "የፓርቲ አንድነት" ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ። ሁለተኛ የቀድሞ መሪን መተቸት ቤት ያፈርሳል ወይ የሚለው፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ ታገሱኝ። ሶስተኛው ስለኛ ነው፣ እሱ አጭር ነው።

እሺ፣ አንደኛው።

እኔ ኤኤንሲን ያወቅኩት በአንዲት አሮጊት እናት በኩል ነው። በፈረንጆቹ 2005 በሞያሌ ወጥቼ ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቆራርጬ እዚህ ስደርስ መጀመሪያ የገባሁት ኳዙሉ ናታል ነው፣ ደርባን አጠገብ ያለች አንዲት ሎኬሽን፣ ያው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ። ያው እንደ አብዛኞቻችን ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሜ ቤት ለቤት በዱቤ እሸጥ ነበር፣ ወር ሲደርስ ደግሞ እየዞርኩ እሰበስባለሁ። በኋላ ከደንበኞቼ አንዷ፣ አንዲት ጎጎ፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ጋራዥ አከራዩኝና ሱቅ አደረግኳት። ለእንግዶቻችን ልንገራችሁ፣ ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። እሳቸው "ልጄ" ይሉኛል፣ እኔ "ጎጎ" እላቸዋለሁ፣ እናቴን ሆሳዕና ትቼ መጥቼ እዚህ እናት ያገኘሁት እሳቸው ቤት ነው።

ጎጎ ኤኤንሲ ገና የታገደ ድርጅት እያለ ጀምሮ ልባቸው እዛ ነው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሶስት ፎቶ አለ፣ ኢየሱስ፣ ማንዴላ፣ የሞቱት ባለቤታቸው። በዚሁ ቅደም ተከተል። ከሰፈሩ የፓርቲው ብራንች ስብሰባ ቀርተው አያውቁም፣ ዝናብ ቢዘንብ ጃንጥላ ይዘው ነው የሚሄዱት፣ አረንጓዴና ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው።

በ2006 ትልቋ ልጃቸው ታመመች። በየሳምንቱ ስትቀንስ እናያለን። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፣ "ቲቢ ነው" ይባላል በቃ። ያኔ ፕሬዝዳንቱ ታቦ ምቤኪ ናቸው። ምቤኪ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የተማሩ፣ አፍሪካን የሚወዱ፣ ለአፍሪካ ህብረት መመስረት የለፉ ሰው ናቸው፣ ይሄን መካድ አልፈልግም። ግን ኤችአይቪ ኤድስን ያመጣል የሚለውን ነገር ይጠራጠሩ ነበር፣ መድሃኒቱንም መርዝ ነው ከሚሉት ጋር ጊዜ ፈጁ። የጤና ሚኒስትራቸው ስለ ነጭ ሽንኩርት፣ ስለ ቀይ ስር፣ ስለ ሎሚ ያስተምሩ ነበር፣ እዛው 2006 ላይ ቶሮንቶ በተደረገው የኤድስ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካ ጠረጴዛ ላይ እነዚህ ተደርድረው ዓለም ጉድ ብሏል። ጎጎም ነጭ ሽንኩርት እየቀቀሉ ለልጃቸው ያጠጡ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱን የሚገዙት ከኔ ሱቅ ነው። እኔ ነኝ የሸጥኩላቸው።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና "ጎጎ፣ ይሄን ነገር ብራንች ስብሰባ ላይ ለምን አትጠይቁም፣ መድሃኒቱ ለምን ክሊኒካችን አይገባም ብላችሁ" አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰላችሁ? "ልጄ፣ የኛን ፕሬዝዳንት እንዲህ አይባልም። ጠላት ይሰማናል።" በቃ። ጠላት ይሰማናል። ልጅቷ ወር ሳይሞላት ሞተች። ቀብሯ ላይ የድርጅቱ ሰዎች መጡ፣ ዘፈኑ፣ ባንዲራ አለበሷት፣ በምን እንደሞተች የተናገረ አንድ ሰው የለም። ሁለት ልጆች ጥላ ነው የሄደችው፣ ትንሹ ስድስት ዓመቱ ነበር።

እና እህት ወንድሞቼ፣ ይሄ ጎጎ ብቻ አይደሉም። ማንዴላ ራሳቸው፣ ማንዴላ! በ2002 የፓርቲው ብሔራዊ ሥራ አስፈጻሚ ስብሰባ ላይ ተነስተው ስለ ኤድስ ፖሊሲው ጥያቄ ሲያነሱ እሳቸው ራሳቸው ያሳደጓቸው ሰዎች ተንጫጩባቸው፣ ይሄ በሰፊው የተዘገበ ነገር ነው። ሃያ ሰባት ዓመት የታሰሩለትን ድርጅት "አንድነት አፈረሱ" ተብለው። ከዛ በጃንዋሪ 2005 ልጃቸው ማክጋቶ ሲሞት እዛው ቀን ጋዜጠኛ ቤታቸው ጠርተው "ልጄ የሞተው በኤድስ ነው" ብለው ተናገሩ። በሽታውን የደበቀ መድሃኒት አይገኝለትም እንላለን አይደል እኛ? ሽማግሌው ያደረጉት እሱን ነው። በኋላ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሲቆጥሩት ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ መድሃኒቱ በወቅቱ ባለመሰጠቱ ብቻ ከ330,000 በላይ ሰው ሞቷል አሉ። እኔ ይሄን ቁጥር ባየሁ ቁጥር የጎጎ ልጅ ናት የምትታየኝ፣ እሷ የሞተችው እንኳን ከዛ በኋላ ነው፣ ቁጥሩ ውስጥ የለችም።

ታዲያ ይሄ አንድነት ነው? እናንተን ነው የምጠይቀው፣ አንድ ሺህ ሰው አንድ ላይ ዝም ሲል አንድነት ነው ወይ? ውጤቱን ካያችሁ አዎ ይመስላል፣ በ2004ቱ ምርጫ ኤኤንሲ ወደ 70 ከመቶ ድምጽ አገኘ፣ ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም ያላገኘውን። ከላይ ስታየው ብረት ነው። ሶስት ዓመት ቆይቶ ዲሴምበር 2007 በፓርቲው የፖሎክዋኔ ኮንፈረንስ ላይ ያ ብረት ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ለፓርቲ መሪነት ጃኮብ ዙማ 2,329 ድምጽ፣ ምቤኪ 1,505። ወንበር ላይ ያለ ፕሬዝዳንት በገዛ ፓርቲው ተጮኸበት። በሴፕቴምበር 2008 ደግሞ ሥራ አስፈጻሚው ተሰብስቦ "ልቀቅ" አላቸውና ለቀቁ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። የወረዱት ስለ ኤድስ ነው? አይደለም። ከዙማ ጋር በነበረው የስልጣን ጸብ ነው። ስለሞቱት ሰዎች ዓመታት ሙሉ አንድ ስብሰባ መሙላት ያልቻለ ቤት ስለ ስልጣን ሲሆን በአንድ ስብሰባ ፕሬዝዳንት አወረደ። ይሄ ነገር እስከዛሬ ልቤን ያመኛል።

የጎጎ ብራንችስ? አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጋ ስገባ የምቤኪ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ወለል መወልወያ ሆኖ አየሁት። ያቺው ሴትዮ "ፕሬዝዳንታችንን አትናገሩ" ትል የነበረች ናት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይሄ ነው። ቆሞ እያለ ቅርንጫፉን እንኳን የነካ የለም፣ ሲወድቅ ሁሉም ምሳሩን ይዞ ይመጣል። እኛስ አገር? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ተብለን አደግን። ሌጋሲ የሚለውን ቃል ሕዝባችን አፉ ላይ ያዋለው በ2012 መለስ ዜናዊ ሲሞቱ ጊዜ ነው፣ "የታላቁን መሪ ሌጋሲ እናስቀጥላለን" ያልተባለበት ስብሰባ አልነበረም፣ ስድስት ዓመት ሳይሞላ እዛው አዳራሽ ውስጥ እነዛው ሰዎች ሌላ ቋንቋ ተናገሩ። ወደዚህ አልገባም፣ ሁላችሁም የምታውቁት ነው፣ እዚህ ውስጥም የተለያየ ስሜት ያለው ሰው አለ። እኔ የምለው ስለ ፀባያችን ነው፣ ስለ ሰውየው አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ።

የቀድሞ መሪን መተቸት ቤት ያፈርሳል ወይ? የዙማን ታሪክ እንየው።

ጎጎ በ2009 የዙማ ቲሸርት ለብሰው ነው የመረጡት። ደስታቸውን እኔ አይቻለሁ፣ የኛ ልጅ፣ ከብት ጠባቂ የነበረ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ፣ ዙሉኛችንን የሚያወራ፣ ሮበን ደሴት አስር ዓመት የታሰረ። ፍትሃዊ ልሁን፣ የኤድሱን መድሃኒት በስፋት ለሕዝቡ ያደረሰው የዙማ መንግሥት ነው፣ ጎጎ "እሱ ቀድሞ ቢመጣ ልጄ ትኖር ነበር" ይላሉ እስከዛሬ። ይሄን የሚሉ እናት ፊት ዙማን ለመተቸት ቃል መምረጥ ያስፈልጋል፣ እና ጆሃንስበርግ ቲቪ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ይሄን የሚረሱት ይመስለኛል።

ከዛ ነገሩ ተበላሸ። ንካንድላ ያለው የግል ቤታቸው በመንግሥት ገንዘብ ታደሰ፣ "ለጸጥታ ነው" ተብሎ የመዋኛ ገንዳ፣ የከብት በረት፣ የዶሮ ቤት ተሰራበት። የባለሥልጣናትን ጥፋት የምትመረምረው የሕዝብ ተሟጋች ቱሊ ማዶንሴላ በ2014 "ከዚህ ውስጥ የራስዎን ይክፈሉ" አለች፣ ፓርላማ ውስጥ ያለው የኤኤንሲ ሰው በሙሉ እሷን ነው ያጥላላው። በማርች 2016 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንቱ ሕገ መንግሥቱን አላከበሩም፣ ፓርላማውም ግዴታውን አልተወጣም ብሎ ፈረደ። የዙማ ወዳጅ የነበሩት ነጋዴዎች የጉፕታ ቤተሰብ ጉዳይ፣ እነሱ ሚኒስትር ያሾማሉ የሚለው ወሬ፣ ያኔ ሁሉም ታክሲ ውስጥ የሚወራ ነበር። ዙማ ራሳቸው በ2015 ከአገር ይልቅ ድርጅቴ ይቀድማል የሚል ንግግር ተናግረዋል።

አሁን የምነግራችሁን ሰው ልብ በሉልኝ። አህመድ ካትራዳ። ከማንዴላ ጋር በሪቮንያው ችሎት ተፈርዶባቸው 26 ዓመት የታሰሩ። እድሜ ልካቸውን በድርጅቱ ውስጥ ያለ ልዩነት በአደባባይ አይነገርም ብለው የኖሩ ሰው ናቸው፣ ከፍርዱ በኋላ ግን በ2016፣ በ86 ዓመታቸው፣ ለፕሬዝዳንቱ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፣ እባክህ ልቀቅ ብለው። ደብዳቤው ውስጥ ከዚህ በፊት እንዲህ ብዬ በአደባባይ ተናግሬ አላውቅም የሚል ነገር አለበት። አስቡት፣ እድሜ ልክ ጠብቆ የኖረውን ህግ በ86 ዓመቱ የጣሰ ሰው። መልስ አልተሰጣቸውም። በማርች 2017 ሞቱ፣ ቤተሰቡ ዙማ ቀብር እንዳይመጡ ፈለገ፣ አልመጡም። ቀብሩ ላይ የቀድሞው ፕሬዝዳንት ካሌማ ሞትላንቴ ተነስተው ያንን ደብዳቤ ጮክ ብለው አነበቡት። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። በማግስቱ ሌሊት ዙማ የገንዘብ ሚኒስትሩን ፕራቪን ጎርዳንን አባረሩ።

እኔ ያን ቀብር ሱቄ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቲቪ ነው ያየሁት፣ ጎጎ በርሜል ላይ ተቀምጠው። ደብዳቤው ሲነበብ ምንም አላሉም። ሲያልቅ "ይሄን እኮ እኛም እናውቀው ነበር" አሉ። ይሄን ነው ያሉት። ሁሉም ያውቅ ነበር! በኦገስት 2017 በፓርላማ ሚስጥራዊ ድምጽ ሲሰጥ 177 ሰው ይውረዱ አለ፣ 198 ይቆዩ አለ። ተቃዋሚዎቹ በሙሉ ተደምረው 151 ወንበር ነበራቸው፣ ስለዚህ ቢያንስ 26 የኤኤንሲ ሰው ወረቀቱ ላይ ስሙ ስለማይታይ ልቡ የሚያውቀውን ጻፈ ማለት ነው። ስም በሚታይበትስ ጊዜ የት ነበሩ? ሆድ ይፍጀው ብለው ነበራ።

ከዛ በዲሴምበር 2017 ናስሬክ በተደረገው ኮንፈረንስ ላይ የዙማ ምክትል የነበሩት ሲሪል ራማፎሳ የፓርቲ መሪነቱን በ179 ድምጽ ልዩነት አሸነፉ፣ ፌብሩዋሪ 2018 ዙማ ለቀቁ። አሁን ነው ጭቅጭቁ የሚጀምረው። ራማፎሳ በ2019 ዳቮስ ላይ ስለ ዙማ ዘመን ሲናገሩ "የባከኑ ዘጠኝ ዓመታት" አሉ። ፓርቲው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ "እውነት ነው፣ ካልተናገርነው አንድንም" ይላል። ሌላው "የቀድሞ ፕሬዝዳንታችንን በባዕድ አገር አታዋርዱ፣ አንድነታችንን አታፍርሱ፣ ደግሞስ አንተ ምክትሉ አልነበርክም ወይ?" ይላል።

እኔ እዚህ ጋ ሁለቱንም ወገን አዳምጬ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ያ የመጨረሻው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከ2014 እስከ 2018 ምክትል ፕሬዝዳንት ነበሩ እኮ ራማፎሳ። በ2021 የዙማን ዘመን ሙስና በሚያጣራው ዞንዶ ኮሚሽን ፊት ቀርበው አምስት አማራጭ ነበረኝ አሉ፣ መልቀቅ፣ በአደባባይ መጋፈጥ፣ መስማማት፣ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ወይ ውስጥ ሆኖ መታገል፣ እኔ የመጨረሻውን መረጥኩ አሉ። ሊሆን ይችላል፣ ልባቸውን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ግን ውስጥ ሆኖ የታገለ ሰው ድምጹ ውጭ ካልተሰማ ጎጎ በምን ያውቁታል? ጎጎ ያዩት አጠገቡ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ነው። ስለዚህ በኋላ ሲተች ጎጎ የሚሰማቸው "እውነት ተናገረ" ሳይሆን "ከዳው" ነው። ትችቱ እውነት ሆኖ እያለ ጣዕሙ የክህደት ሆነ። ለምን? ዘገየ! ሰዓቱ ዘገየ እህት ወንድሞቼ!

ከዛ የመጣውን ታውቃላችሁ። ዙማ ራሳቸው ከመልቀቃቸው በፊት ያቋቋሙት ኮሚሽን ሲጠራቸው እምቢ አሉ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ 15 ወር ፈረደባቸው፣ በጁላይ 7 ቀን 2021 ሌሊት ገቡ። ከዛ ኳዙሉ ናታልና ጋውቴንግ ነደዱ። ከ350 ሰው በላይ ሞተ። እዚህ ውስጥ ያን ሳምንት ሱቁ ያልተዘረፈ ስንት ሰው አለ? እጃችሁን አውጡ እስቲ። አያችሁ። ያኔ እኔ የአስራ ስድስት ዓመት ልፋቴን በአንድ ሌሊት አጣሁ። ፍሪጁን፣ ሚዛኑን፣ መደርደሪያውን ሳይቀር ነቅለው ወሰዱ። ጎጎ በሌሊት ልብሳቸው በሩ ላይ ቆመው ሲለምኗቸው፣ ገፍትረዋቸው አለፉ። ከሚዘርፉት መሃል ያ እናቱ ስትሞት ስድስት ዓመቱ የነበረው የልጅ ልጃቸው ነበረ። ሃያ አንድ ዓመቱ፣ ሥራ የለው፣ ተስፋ የለው። ከኔ ሱቅ ዳቦ በነጻ ሲበላ ያደገ ልጅ። አይኔን አየኝና ጎንበስ ብሎ የዘይት ካርቶን ተሸክሞ ወጣ።

እኔ ያን ልጅ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን እላችኋለሁ፣ እናቱ የሞተችው ቤቱ ዝም ስላለ ነው፣ እሱም እንደዛ የሆነው ቤቱ ሁለተኛ ዝም ስላለ ነው። እኔ እንደዛ ነው የማየው።

በዲሴምበር 16 ቀን 2023 ደግሞ ዙማ አዲስ ፓርቲ እደግፋለሁ ብለው ወጡ፣ ስሙ ኡምኮንቶ ዊሲዝዌ፣ ኤምኬ። ይሄ ስም ምንድነው? የኤኤንሲ የትጥቅ ክንፍ ስም ነው፣ በዲሴምበር 16 ቀን 1961 ማንዴላ የመሰረቱት። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ወታደራዊ ስልጠና የወሰዱት ለማን ነበር? ለዚሁ ለኤምኬ ነው። የኛ መኮንኖች ያሰለጠኑበት ስም ነው! ኤኤንሲ ስሙ የኔ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶ ተሸነፈ። በሜይ 2024 ምርጫ ኤኤንሲ ከ57.5 ከመቶ ወደ 40 ከመቶ ወረደ፣ ከነጻነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብላጫውን አጣ። ኤምኬ በአምስት ወር እድሜው 58 ወንበር አገኘ፣ ኳዙሉ ናታል ላይ 45 ከመቶ።

አሁን አንዳንዱ ሰው፣ እዚህም ተቀምጦ ያለ ይኖራል፣ "ይኸው! ዙማን ባይተቹት፣ ባያሳስሩት፣ ይሄ ኤምኬ የወሰደው 14.6 ከመቶ ቤቱ ውስጥ ይቀር ነበር" ይላል። ይሄ ባዶ ክርክር አይደለም፣ በቁጥር ብቻ ካየነው ከባድ ነው። ግን እስቲ አንድ ነገር አስታውሱልኝ፣ በኦገስት 2016 የከተማ ምርጫ ኤኤንሲ ጆሃንስበርግን፣ ፕሪቶሪያን፣ በማንዴላ ስም የተጠራችውን ኔልሰን ማንዴላ ቤይን አጣ። ያኔ ከነካትራዳ ከጥቂቶቹ በቀር ማን ዙማን እየተቸ ነበር? ፓርቲው በሙሉ ማለት ይቻላል ከኋላቸው ተሰልፎ ነበር እኮ! አንድነት ነበረ! ዝምታው ድሮም ሰው እያስወጣ ነበር፣ በጓሮ በር ስለሚወጡ አልታዩም እንጂ። በ2008ም ምቤኪ ሲወርዱ ደጋፊዎቻቸው ኮፕ የሚባል ፓርቲ መሰረቱ፣ በ2009 30 ወንበር አገኙ፣ ከዛ እርስ በርስ ተባልተው ዛሬ ፓርላማ ውስጥ አንድም የላቸውም። ቤት ውስጥ መነጋገር ያልተማረ ሰው ቤት ቢቀይርም ያው ነው።

እንግዲህ መተቸት እንዴት ነው ካላችሁኝ፣ የማንዴላን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኦክቶበር 1998 የእውነትና እርቅ ኮሚሽኑ ሪፖርት ሲወጣ የአፓርታይድን ግፍ ብቻ ሳይሆን ኤኤንሲ ራሱ በስደት ካምፖቹ ያደረሰውን በደል ጽፎበት ነበር። ፓርቲው ፍርድ ቤት ሮጠ፣ ይታገድልን ብሎ፣ ፍርድ ቤቱ እምቢ አለ። ማንዴላ ግን ወጥተው ከነጉድለቱ ተቀብዬዋለሁ አሉ። የራሳቸው ፓርቲ የከሰሰውን ሪፖርት! ገና ወንበር ላይ ሆነው፣ የገዛ ድርጅታቸው ስም ያለበትን። ከዛ በፊት በ1997 ማፊኬንግ ኮንፈረንስ ላይ የፓርቲ መሪነቱን ለምቤኪ ሲያስረክቡ፣ ያለ ተፎካካሪ የተመረጠ መሪ የሚተቹትን ገለል አድርጎ እሺ ባዮችን ሊሰበስብ ይችላል ብለው እዛው መድረክ ላይ አስጠንቅቀው ነበር። ፊት ለፊት። ሰውየው እዛው ተቀምጦ። ወጣቶቹ ዛሬ ማንዴላን "ሸጠን" ይሏቸዋል፣ መሬቱን፣ ማዕድኑን፣ ኢኮኖሚውን። ይበሉ! ይከራከሩበት፣ ማንዴላ ለዚህ የሚሰበሩ ሰው አይመስሉኝም። እኔ ራሴ በአንዳንዱ እስማማለሁ፣ በአንዳንዱ አልስማማም፣ ዛሬ ግን ጊዜ የለኝም።

ሶስተኛው፣ የኛ ጉዳይ። አጭር ነው ብያለሁ።

በ2019 እኔ የዚህ እድር ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ሊምፖፖ ውስጥ ሱቁ ውስጥ የተገደለውን ልጅ ታስታውሳላችሁ፣ አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ አሰባሰብን። ተልኮ አለቀ፣ ገንዘብ ተረፈ፣ የተረፈው አልተወራረደም። ደረሰኝ ጎደለ። እኔ አየሁት። ሁለታችን አየነው። ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። "ሰው ይሰማናል፣ ሐበሻ ተጣላ ይባላል፣ አንድነታችን ይበተናል" አልኩ። ጠላት ይሰማናል! የጎጎን ቃል ነው የተናገርኩት፣ ያን ሁሉ አይቼ! ከዛ ሊቀመንበሩ ወረዱ፣ ከወረዱ በኋላ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ሌባ" ሲባሉ እኔም አብሬ ጻፍኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ያልኩት አንድ ቃል የለም፣ ከወረዱ በኋላ ግን አፍ አወጣሁ። ለዚህ እዚህ ፊታችሁ ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እናንተንም እሳቸውንም።

ሰውየው ለዚህ እድር የለፉትን ማንም አይክድም። በ2015 በውጭ ዜጎች ላይ በተነሳው ግርግር ጊዜ ደርባን ድረስ በራሳቸው መኪና እየተመላለሱ ቤተሰብ ያወጡ ናቸው፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ በሳቸው መኪና የወጣችሁ አላችሁ። እሱም ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ። የጎደለውም ይጻፍ። ኦዲቱ ይነበብ፣ ስም ሳይጠፋ፣ ሳይጮህ፣ ደረሰኝ በደረሰኝ። ያልፈረመ ኮሚቴ ካለ እሱም ይጠየቅ፣ እኔ የመጀመሪያው ነኝ።

ጎጎ በ2024ቱ ምርጫ ማግስት ደውለውልኝ ነበር። 81 ዓመታቸው ነው አሁን። የልጅ ልጃቸው ኤምኬን መረጠ፣ እሳቸው ኤኤንሲን፣ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን አልተነጋገሩም ነበር። በሶስተኛው ቀን ልጁ "ጎጎ፣ እናቴ በምን ሞተች?" ብሎ ጠየቃቸው። ነገሩት። አስራ ስምንት ዓመት ቆይቶ።

አመሰግናለሁ። ሰብሳቢው ሪፖርቱን ሊያነቡ ነው፣ ግን ከዛ በፊት አንድ ነገር ልለምን። የቀድሞው ሊቀመንበራችን መጥተዋል፣ እዛ ሶስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ መምጣታቸው ራሱ ትልቅነት ነው። ማይኩን መጀመሪያ ለሳቸው ስጡልኝ።